ሲሲኤንኤ ሥራ ያስገኛል ወይስ አያስገኝም?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ተመርቆ የተቀመጠ ልጅ ያለበት ቤት ይህን ወሬ ያውቀዋል። ልጁ አይቲ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሯል። የመውጫ ፈተናውን አልፏል። ዲግሪው በፕላስቲክ ተለብጦ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ያመለክታል፣ የሚጠራው ግን የለም። አንድ ቀን ጓደኛው «ሲሲኤንኤ ብትይዝ ኖሮ እኮ» ይለዋል። ሲሲኤንኤ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ ለጀማሪ ባለሙያ ፈትኖ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ነው። ልጁ ዋጋውን አጣርቶ ቤተሰቡን ያማክራል። አባት የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሄን ሁሉ ብር ካወጣን ሥራ ታገኛለህ?»

«አብሽሩ አባባ፣ አገኛለሁ» ማለት ይቀላል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ሥራ አይሰጥም፣ ለቃለ መጠይቅ ግን ሊያስጠራ ይችላል። የትኛው ቀጣሪ በእሱ ምክንያት እንደሚጠራችሁና የትኛው ዞር ብሎ እንደማያየው ካላወቃችሁ ብሩ ሜዳ ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያ የሚደበላለቁትን ወረቀቶች እንለያቸው። ሁሉም «ሰርተፊኬት» ስለሚባሉ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

አንደኛው የሥልጠና ወረቀት ነው። ማሠልጠኛ ተቋም ገብታችሁ ሁለት ሦስት ወር ትማራላችሁ፣ ስትጨርሱ ስማችሁ ያለበት ወረቀት ይሰጣችኋል። ላዩ ላይ «ሲሲኤንኤ» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍም ትርጉሙ «ተምሯል» ነው እንጂ «ተፈትኖ አልፏል» አይደለም። በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በኩል ተምረው ሲጨርሱ የሚሰጠውም እንደዚያው የማጠናቀቂያ ወረቀት ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ይህን ይዞ ሲቪው ላይ «ሲሲኤንኤ ሰርቲፋይድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ነገሩ የገባው ቀጣሪ «የማረጋገጫ ሊንኩን ላክልኝ» ይላል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ሲኦሲ ነው። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ደረጃ 3 ወይም 4 የሠለጠኑ የቴክኒክና ሙያ ልጆች ጠንቅቀው ያውቁታል። የአገር ውስጥ የብቃት ምዘና ነው፤ የመንግሥት ቅጥር ላይ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ለኪስ የሚከብድ አይደለም። ከድንበር ወዲያ ግን የሚያውቀው የለም።

ሦስተኛው የዕቃው አምራች ራሱ ፈትኖ የሚሰጠው ነው። ሲስኮ ይህን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ የመጀመሪያው ከሁሉም የከበደው ሲሲአይኢ ነበር። የጀማሪዎቹ ሲሲኤንኤ የመጣው በ1998 ነው። ከዚያ በኋላ ሁዋዌ፣ ጁኒፐር፣ ማይክሮቲክ ሁሉም የየራሳቸውን አዘጋጁ። የማንም አምራች ያልሆነው ኮምፕቲያም ኔትወርክ ፕላስ የሚባል አለው። ወሬው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

አሁን ያለው ሲሲኤንኤ 200-301 በሚል ቁጥር የሚታወቅ አንድ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 2020 ድረስ ሲሲኤንኤ በየዘርፉ ተከፋፍሎ ነበር፤ የሴኩሪቲ፣ የዋየርለስ፣ የኮላቦሬሽን እየተባለ። ያኔ እነዚህ ተጠቅልለው አንድ ሆኑ። ጊዜው 120 ደቂቃ ነው። ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማየት አይቻልም፤ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ሠርቶ ከባዱን ወደ ኋላ ማቆየት የለመደ ተማሪ እዚህ ላይ ይቸገራል። ይዘቱን ሲስኮ በመቶኛ አስቀምጦታል፦ የኔትወርክ መሠረታዊ ዕውቀት 20፣ ስዊችና ዋየርለስ 20፣ አይፒ ኮኔክቲቪቲ ማለትም ራውቲንግ 25፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10፣ የደኅንነት መሠረት 15፣ አውቶሜሽን 10። ካለፋችሁ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ከዚያ በፊት እንደገና ተፈትኖ ወይም ተጨማሪ ትምህርት ወስዶ ማደስ ያስፈልጋል። ካልታደሰ ይሞታል።

ዋጋው 300 ዶላር ነው፣ ታክስ ሳይጨመር። ዶላሩ ባለበት ቆሟል፤ የሮጠው ብሩ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ስለነበር ፈተናው 17 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያው ፈተና ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ፣ ከዚያም ወዲህ አልረከሰም። ብትወድቁ ከአምስት ቀን በኋላ መድገም ይቻላል፣ ግን ሙሉ ዋጋውን እንደገና ከፍላችሁ ነው። የአባት ጥያቄ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ቀጣሪዎቹ እንምጣ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት፦ እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የቅጥር ማስታወቂያውን አንብቡት። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ሲኦሲ ይላል። ሲሲኤንኤ መያዛችሁ መደቡንም ደሞዙንም ከፍ አያደርገውም። ለዞን ወይም ለከተማ አስተዳደር ቅጥር ብላችሁ 300 ዶላር አታውጡ።

ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ የግል ሆስፒታል፣ አስመጪ፦ ኮምቦልቻ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ደረቅ ወደቡ አሉ። እዚህ ዓይነት ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት የአይቲ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ያ ሰው ፕሪንተር ይጠግናል፣ ካሜራ ይሰቅላል፣ የሒሳብ ሶፍትዌር ሲበላሽ ይጠራል፣ ኬብል ይዘረጋል። ቀጣሪው የሚፈልገው ሁሉን የሚነካካ ልጅ ነው። አብዛኛው የሚገባውም ሰው ጠቁሞት ነው። «እገሌ የሠራልን ካሜራ እስካሁን አልተነቃነቀም» የሚል አንድ ምስክር ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል። ይህ ዘመድ አዝማድ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ኔትወርክ ስለማያውቅ በሰው አፍ ላይ ከመተማመን በቀር ሌላ መለኪያ የለውም።

ባንክ፦ ሁለቱም ከተሞች በቅርንጫፍ ተሞልተዋል፣ ግን አትሳቱ። የቅርንጫፉ ኔትወርክ የሚታዘዘው አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ የሚቀጠረው በዲስትሪክት ደረጃ ቅርንጫፎቹን እየዞረ የሚደግፍ ባለሙያ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ አመልካቹ ግን ብዙ። ሲቪው በመቶ ሲቆጠር የቅጥር ክፍሉ ማጣሪያ ይፈልጋል፤ ያኔ ሲሲኤንኤ ሲቪያችሁን ከክምሩ ያወጣላችኋል።

ወረቀቱ ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያወጣው ግን ብዙ ተማሪ ስሙን እንኳ የማያነሳው ቀጣሪ ዘንድ ነው። ለባንክ፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለፋብሪካ ኔትወርክ የሚዘረጉ ድርጅቶች አሉ። ጨረታ ገብተው አሸንፈው፣ ዕቃውን አምጥተው ይተክላሉ። እነዚህ የሲስኮ ወይም የሁዋዌ አጋር ናቸው። አጋርነቱ ደረጃ ደረጃ አለው፤ ደረጃው ከፍ ሲል ዕቃ የሚገዙበት ቅናሽም ይጨምራል። ደረጃውን ለመያዝ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ደግሞ የተወሰኑ ሰርቲፋይድ ሠራተኞች መኖራቸው ነው። በጨረታ ሰነድ ላይም «ሰርቲፋይድ ባለሙያ አቅርቡ» የሚል ይገባል። ስለዚህ እዚያ ቤት የእናንተ ሰርተፊኬት የድርጅቱም ንብረት ነው። ጊዜው ሲያልፍ እነሱም ይጎዳሉ። አንዳንዶቹ የሠራተኛውን የፈተና ክፍያ ከኪሳቸው የሚከፍሉት ደግነት በዝቶባቸው አይደለም። ችግሩ፣ አብዛኞቹ መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። ከደሴ መውጣት ለማይፈልግ ልጅ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወሎ ላይ ፕሮጀክት ሲይዙ አካባቢውን የሚያውቅ ልጅ ይፈልጋሉ።

ስለ ውጭ አገርም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ ባሕር ማዶ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የዱባይና የሪያድ የኔትወርክ ቴክኒሻን ማስታወቂያዎች ሲሲኤንኤን በስሙ ጠርተው ይጠይቃሉ። ዲግሪያችሁን እዚያ አገር ለማስረዳት ማኅተም በማኅተም ላይ ማስደረግ አለባችሁ። ሲሲኤንኤ ግን በአንድ ሊንክ ይረጋገጣል። ለመሄድ ያሰበ ልጅ ካለ ስሌቱ ይለወጣል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ቀጣሪ ግን ልብ አያይም። ወረቀቱ ያንን ክፍተት ነው የሚሞላው፣ እሱም እስከ ቃለ መጠይቁ በር ድረስ። ከበሩ ወዲያ የሚያኗኑራችሁ ለፈተናው ስትዘጋጁ የተማራችሁት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ግን ስለዚህ ብዙም አያወራም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ያለው አንድ ድርጅት እንበል። ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ማተም አቃተው። አጠገቡ ያለው ሽያጭ ክፍል ግን ይሠራል። የአይቲው ልጅ መጥቶ ስዊቹን፣ ማለትም የቢሮው ኬብሎች ሁሉ የሚገናኙበትን ሳጥን፣ አጥፍቶ ያበራል። ትንሽ ይሠራና ደግሞ ይበላሻል፤ አሁን ደግሞ ሽያጭ ክፍል ነው ያቃተው። ልጁ እንደገና ያጠፋል፣ ያበራል። እስከ ምሳ ሰዓት እንዲህ ይቀጥላል። በመጨረሻ «ስዊቹ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛ» ይላል።

የተማረ ልጅ ምን ያደርጋል? ካልሠራው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ የሚያሳየውን ትዕዛዝ፣ አይፒኮንፊግን ይጽፋል። አድራሻው 192.168.0.105 ይላል፣ መውጫ በሩ ማለትም ጌትዌዩ 192.168.0.1። የድርጅቱ አድራሻ ግን በሙሉ በ10.10.20 ነው የሚጀምረው። እንግዲያው ስዊቹ ጤነኛ ነው። ቢሮው ውስጥ ያልታወቀ አድራሻ አዳይ ገብቷል ማለት ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጮኻል፤ ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል። ይህ አገልግሎት ዲኤችሲፒ ይባላል። ሁለት አዳይ ካለ ግማሹ ከትክክለኛው፣ ግማሹ ከሐሰተኛው ይወስዳል። አጥፍቶ ማብራቱ ዕጣውን እንደገና ማውጣት ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ልጁ ኤአርፒ በሚባለው ትዕዛዝ የዚያን የ192.168.0.1 ባለቤት ማክ አድራሻ፣ ማለትም ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን መለያ ቁጥር፣ ያገኛል። ስዊቹ ላይ ገብቶ የማክ አድራሻ ሠንጠረዡን ያያል። ስዊቹ «ይህ ማክ በ17ኛው ፖርት በኩል ነው ያለው» ይለዋል። ኬብሉን ተከትሎ ይሄዳል። ዕቃ ግምጃ ቤት ጠረጴዛ ሥር ትንሽ ነጭ የዋይፋይ ራውተር ተቀምጣለች። አንዱ ሠራተኛ ስልኩ ላይ ኢንተርኔት እንዲያገኝ ከቤቱ አምጥቶ የሰካት ናት። ነቀላት፣ አለቀ። ከዚያ ስዊቹ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን ያበራል፤ ከእንግዲህ ማንም እንዲህ ዓይነት ዕቃ ቢሰካ ስዊቹ ራሱ አድራሻ ከማደል ይከለክለዋል። አዲስ ስዊች የሚባል ወጪም ቀረ።

ዲኤችሲፒ፣ የማክ ሠንጠረዥ፣ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ፦ ሦስቱም የሲሲኤንኤ ትምህርት ውስጥ ናቸው፣ በሦስት የተለያዩ ምዕራፎች። አራት ዓመት ዲግሪ ተምሮ ሦስቱንም አንድ ላይ አገናኝቶ የማያውቅ ልጅ አለ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ላብ ውስጥ አንድ ስዊች ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ስለ ደምፕ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ። ደምፕ ማለት ከፈተናው የተሰረቁ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ነው። ቴሌግራም ላይ ይሸጣል፣ በነፃም ይታደላል። ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል? አንዳንዱ ያልፋል። ሲስኮ ካወቀ ሰርተፊኬቱን ይሰርዛል፣ ሰውየውንም ከፈተና ያግዳል። ካላወቀም ችግሩ አይቀርም። ጠያቂው ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጥና «የ192.168.10.0ን 256 አድራሻዎች ለአራት ክፍል እኩል አካፍልልኝ» ይላል። መልሱ ስላሽ 26፣ ለእያንዳንዱ 62 ጥቅም ላይ የሚውል አድራሻ ነው። የተማረ ልጅ በአንድ ደቂቃ ይጽፈዋል። በገንዘብ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሹፌር የሚታወቀው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው።

ሲስኮ ብቻ ነው ወይ መንገዱ? አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2013 የማስፋፊያ ሥራውን በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ነው የሰጠው። የቴሌኮም ዓለም ውስጥ መግባት የሚፈልግ ልጅ የሁዋዌን ኤችሲአይኤ ዳታኮም ቢይዝ አይከስርም። ሁዋዌ በየዓመቱ የተማሪዎች ውድድርም አለው፤ ገና ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ጠይቁ። ሆቴልና ካፌ ኢንተርኔት በማከፋፈል ራሱን ማስተዳደር ለሚፈልግ ደግሞ የላትቪያው ማይክሮቲክ ኤምቲሲኤንኤ ይሻላል፣ ትንንሾቹ ቢሮዎች ውስጥ የምታገኙት የእሱን ራውተር ነውና። አንዱን በደንብ የተማረ ሌላውን በሳምንታት ይለምደዋል። ትዕዛዙ ይለያያል፣ ሐሳቡ አንድ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። በመጀመሪያ ምንም ሳትከፍሉ ተማሩ። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የሲስኮ መለማመጃ ነፃ ነው፤ አካዳሚው ላይ መመዝገብ ብቻ ይጠይቃል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ለልምምዱ ኢንተርኔት ብዙም አይፈልግም። ኮሌጃችሁ የአካዳሚው አባል መሆኑንም አጣሩ፤ ሦስቱንም የሲሲኤንኤ ኮርሶች በጥሩ ውጤት የጨረሰ ተማሪ የፈተና ቅናሽ ቫውቸር ያገኛል። ከዚያ እጃችሁን አፍታቱ። የሰፈር ሱቅ ካሜራ፣ የዘመድ ቢሮ ኬብል፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ዋይፋይ፣ ያገኛችሁትን። የሠራችሁትን ፎቶ አንሱ፣ ንድፉን ሥላችሁ አስቀምጡ። ፈተናው ከዚህ በኋላ ይምጣ። ሥራ ፍለጋ በጀመራችሁበት ሰሞን ብትፈተኑ ይሻላል። የሦስት ዓመቱ ሰዓት ከፈተናው ቀን ጀምሮ ይቆጥራልና፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ወስዳችሁት ከሆነ ስትመረቁ ሊያልቅባችሁ ነው።

ሥራ ላይ ያለ ሰውስ? አንድ ቦታ አምስት ዓመት የሠራ፣ አለቆቹ የሚያምኑት ሰው እዚያው ለመቆየት ሲሲኤንኤ ብዙም አይጨምርለትም። ለመልቀቅ ካሰበ ግን አዲሱ ቀጣሪ አያውቀውምና ይጠቅመዋል። ገንዘቡ ካለውና ልምዱ ካለው እንዲያውም አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሲሲኤንፒን ቢያስብ ይሻላል፤ ሁለት ፈተና ነው፣ ሲሲኤንኤ መያዝንም በግዴታ አይጠይቅም።

የቀረው የአፈጻጸም ነገር ነው። ፈተናውን የሚሰጠው ፒርሰን ቪዩ ነው። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ የእኛ ተራ የብር ካርድ አይቀበልም። ብዙ ልጅ ውጭ ያለ ዘመዱን ነው የሚያስከፍለው። አዲስ አበባ ሄዶ በማዕከል መፈተን ይቻላል፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ የትራንስፖርትና የአልጋ ጨምሩ። ቤት ሆኖ በካሜራ እየታዩ መፈተንም አለ። ክፍሉ ውስጥ ከእናንተ በቀር ሰው መኖር የለበትም፣ ስልክ ከእጅ መራቅ አለበት፣ ሕፃን በሩን ከፍቶ ቢገባ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ዋይፋዩ ግን አብሮ ይጠፋል። ቤቱ ሰው የሚበዛበት ከሆነ ወይም መብራቱ የማይታመን ከሆነ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ስማችሁንም አደራ። የተመዘገባችሁበት ስም ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። «መሐመድ» በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የደሴ ልጅ ያውቀዋል፤ ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ ኢሜይሉ ላይ ሦስተኛ። ስሙ ካልተመሳሰለ ፈታኙ ይመልሳችኋል፣ 300 ዶላሩ ግን አይመለስም። አካውንቱን ስትከፍቱ ፓስፖርታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡት።